አርጎን ከፖታስየም ይከብዳል

የቄስ ልጅ ነኝ። ሰው መናቅ ኃጢአት ነው እየተባልኩ አንኮበር ውስጥ ከአንድ ደብር አጥር ሥር አደግኩ። ያም ሆኖ አንድ ሰው ከልቤ ንቄያለሁ። ሰውዬው ደብረ ብርሃን ውስጥ በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነበር። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። እዚህ ግን ወረቀቱ የእኔ ነው፤ አንቱታውን አልሰጠውም።

እኔ ወደዚያ ስመደብ እሱ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ዘለግ ያለ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት በኅዳር እንኳ ከሱፍ ኮቱ በላይ ምንም የማይደርብ ሰው ነው። ኮቱ እንዲሸፈን አይፈልግም። ሁለተኛ ዲግሪ አለው፤ አዲስ መምህር በመጣ ቁጥር "እዚህ ትምህርት ክፍል ውስጥ ማስተርስ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው" ይላል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። እንዲጠየቅ ይጠብቃል።

የቤተ ሙከራው ቁልፍ ከወገቡ አይለይም። ቤተ ሙከራ ማለት ለእሱ የሚቆለፍ ነገር ነው። ውስጡ የተሰበሩ ወንበሮች፣ ያረጁ ካርታዎች፣ የተበጠሰ የመረብ ኳስ መረብ ተከማችቶበታል። ተማሪ እንዲገባ ስንጠይቀው "ዕቃው ይሰበራል" ይለናል። ዕቃው እንዳይሰበር ተብሎ ስንትና ስንት ተማሪ ኬሚስትሪን በጠመኔ ብቻ ተምሮ ወጣ።

የሚያስተምረው ከአንድ ማስታወሻ ደብተር ነው። ጀርባው በፕላስተር ተለጥፏል፣ ገጾቹ ወይበው የሽሮ መልክ ይዘዋል። ከዚያ ደብተር ወደ ሰሌዳ ይገለብጣል። ተማሪው ከሰሌዳ ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፤ በፈተና ቀን ደግሞ ከደብተሩ ወደ ፈተናው ወረቀት። በዚህ ሁሉ ጉዞ ነገሩ በማንም አእምሮ ውስጥ አያልፍም። እሱም ቢሆን የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አንድ ጊዜ ሻይ ስንጠጣ "ጥያቄ የሚያበዛ ተማሪ መጨረሻው አያምርም" ሲለኝ ሰምቼዋለሁ። ያለው እንደ ቀልድ አልነበረም።

በየመንፈቀ ዓመቱ መምህራን እርስ በርስ ክፍል እየገባን እንመለከታለን፤ ያየነውንም ቅጽ ላይ እንሞላለን። በዚያ ዓመት እሱን እንድመለከት ዕጣው ለእኔ ደረሰኝ። ቅጼን ይዤ አሥራ አንደኛ ክፍል ገባሁና ከኋላ ተቀመጥኩ። የዕለቱ ትምህርት የንጥረ ነገሮች ጠባይ በምን እንደሚወሰን ነበር። ደብተሩን ዘረጋ፣ ጠመኔውን ሰበር አደረገና በትልልቁ ጻፈ፦ የአንድን ንጥረ ነገር ባሕርይ የሚወስነው የአቶሙ ክብደት ነው። ሥሩን ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ይህ ሊቃውንቱ ከመቶ ዓመት በፊት የተዉት ሐሳብ ነው። ተማሪዎቹ ፊት የተዘረጋው መጽሐፍ እንኳ እንዲህ አይልም። እሱ ግን መጽሐፉን ገልጦ አያውቅም፤ ደብተር ያለው ሰው መጽሐፍ ምን ያደርግለታል።

መስኮት አጠገብ ከተቀመጡት አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከጣርማ በር ወዲህ ካለ አንድ የገጠር ቀበሌ የመጣች ናት። ከተማው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ከምትሰፋ ታላቅ እህቷ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። በክፍል ውስጥ ብዙ አትናገርም፤ ስትናገር ግን ቀድማ ያሰበችው መሆኑ ያስታውቃል።

"ቲቸር፣ አርጎን ከፖታስየም ይከብዳል አይደል?" አለችው።

"ማን አለሽ?"

"መጽሐፉ ላይ ያለው ሠንጠረዥ። አርጎን አርባ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ፖታስየም ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ግን የተቀመጠው አርጎን ቀድሞ ነው። በክብደት ከሆነ ፖታስየም አይቀድምም ነበር?"

"እና?"

"ፖታስየም ከቀደመ ደግሞ ከነኒዮን ሥር ይገባል። እነሱ ከማንም ጋር አይዋሃዱም። ፖታስየም ግን ውሃ ሲነካው ይቃጠላል ይላል። እንዴት አብረው ይሆናሉ?"

 እንዲህ ያለ ጥያቄ እኔ በማስተማር ዘመኔ ከሦስት ጊዜ በላይ አልገጠመኝም። መምህር ይህን ሲሰማ ደስ ሊለው ይገባል፤ ለዚህ ነው ደሞዝ የሚበላው። እሱ ግን ጠመኔውን አስቀመጠና እጁን አራገፈ።

"አባትሽ ሥራቸው ምንድን ነው?"

"ከበግ ጠጉር ባና ነው የሚሠሩት።"

"ባና።" ቃሏን ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ ደገማት። "እንግዲህ አባትሽ ብርድ ልብሳቸውን ይሥሩ፤ አንቺም የተጻፈውን ጻፊ። አርጎን ጠበቃ አቁሙልኝ አላለም።"

ክፍሉ ሳቀ። የሳቁት ነገሩ አስቂኝ ሆኖ አይደለም፤ አስተማሪ ሲስቅ አብሮ መሳቅ እንደሚያዋጣ ስለሚያውቁ ነው። እሱ በጥርሱ ብቻ ፈገግ አለ።

"ጥግ ቁሚና ጻፊ።"

ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ጥግ ሄደች። ግድግዳው ላይ አስደግፋ እስከ ደወል ድረስ ጻፈች። አላለቀሰችም። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ኋላ ዞራ አየችኝ፤ ከዚያ መልሳ ወደ ግድግዳው።

እኔ ምን አደረግኩ? ቅጹን ሞላሁ። "የይዘት ዕውቀት" በሚለው ረድፍ ላይ "በጣም ጥሩ" አልኩ። "ተማሪዎችን የማሳተፍ ችሎታ" በሚለውም "በጣም ጥሩ"። ፈረምኩበት። የእኔን የሥራ ግምገማ የሚሞላው እሱ ነው፤ ምክንያቴ ይኸው ነበር፤ ከዚህ የበለጠ ምክንያት ፈልጌም አላገኘሁ። ያን ቀን የናቅሁት ሰው እሱን ብቻ አልነበረም።

ቅዳሜ በሚኒባስ አንኮበር ወረድኩ። አባቴ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ስለደከመ ከቅዳሴ አገልግሎት ወጥተው ደጅ አግዳሚ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ለብዙ ዓመት ተማሪ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ የቆሎ ተማሪ ሲሳሳት እንዴት እንደሚታረም፣ መምህር ሲሳሳትም እንዴት እንደሚታረም ያውቃሉ። የሆነውን ነገርኳቸው። ቅጹን ያነሳሁት መጨረሻ ላይ ነው፤ ባላነሳውም ደስ ባለኝ።

"ለመሆኑ እውነቱ የቱ ነው?" አሉኝ።

"አባባ፣ አቶም መካከሉ ላይ ፕሮቶን የሚባሉ አሉ። ማንነቱን የሚወስነው የእነሱ ቁጥር ነው። አሥራ ዘጠኝ ከሆኑ ፖታስየም ነው፤ አንድ ከጎደለ ፖታስየምነቱ ቀረ፣ አርጎን ሆነ። በዙሪያው ደግሞ በዚያው ቁጥር ልክ ኤሌክትሮን የሚባሉ አሉ፤ በደርብ በደርብ ተደልድለው። ከሌላው ጋር የሚያገናኙት መጨረሻው ደርብ ላይ ያሉት ናቸው። ፖታስየም እዚያ ያለው አንድ ብቻ ነው። ያንን አንዱን ለመስጠት ይቸኩላል፤ ውሃ ሲያገኝ የሚነደው ለዚህ ነው። ሶዲየምም መጨረሻው ላይ አንድ ስላለው እንደ ወንድሙ ነው፤ በክብደት ግን ይራራቃሉ። አርጎን ስምንት ሞልቶለታል። አይሰጥም፣ አይቀበልም።"

"ክብደቱንስ ምን አመጣው?"

"መካከሉ ላይ ኒውትሮን የሚባሉም አሉ። ሲበዙ አቶሙ ይከብዳል፤ ጠባዩ ግን ያው ነው። ሁለት የካርቦን አቶሞች አንዱ ከሌላው ሊከብድ ይችላል። ሁለቱም ካርቦን ናቸው፤ ከሰል ውስጥ ሲገኙ ሁለቱም ይነዳሉ።"

አባቴ ትንሽ አሰቡ። "እንግዲህ ስንት ተሸከመ ሳይሆን ደጁ ላይ ስንት ቆመ ነው ነገሩ።"

"እንደሱ ነው።"

"ልጅቷ ይህን ታውቀው ነበር?"

"መንገዱን ይዛዋለች። አንድ እርምጃ ነበር የቀራት።"

"አንቺስ ታውቂው ነበር?"

"አዎ።"

"ታዲያ እሷ ጥግ ስትቆም አንቺ ምን ላይ ተቀምጠሽ ነበር?"

መልሴን አልጠበቁም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ስለ ዝናቡ አወሩኝ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው ገባሁ። መጽሐፉን ይዤ ነበር፤ ገጹንም ምልክት አድርጌበታለሁ። በተቻለኝ አክብሮት "መምህር፣ ያ የክብደቱ ነገር በአቶሚክ ቁጥር ተተክቷል፤ ለተማሪዎቹ ብናስተካክልላቸው" አልኩት። መጽሐፉን አልተቀበለኝም። ጣቱን ብቻ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ።

"መጽሐፍ በየጊዜው ይቀየራል" አለኝ። "አቶሙ ግን አልተቀየረም።"

"አቶሙማ አልተቀየረም። የሰው ዕውቀት ነው የተሻሻለው።"

"የአንቺ ዲግሪ ስንተኛ ነው?"

"የመጀመሪያ።"

"እንግዲያው ጨርሰናል።"

ከቢሮው ስወጣ የተሰማኝ ቁጣ እንዳይመስላችሁ። ቁጣ ለሰው የሚሰጥ ክብር አለው፤ የምትቆጣው የተሻለ ይሠራል ብለህ በጠበቅከው ሰው ላይ ነው። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚህ ሰውዬ ምንም መጠበቅ ተውኩ።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ የመንፈቀ ዓመቱ አጋማሽ ፈተና ደረሰ። ለሁሉም የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ፈተና ይወጣል፤ የሚያወጣው እሱ፣ የመልሱን ቁልፍ የሚያድለንም እሱ ነው። ሰባተኛው ጥያቄ የንጥረ ነገርን ባሕርይ የሚወስነው ምንድን ነው ይላል። "ሀ" የአቶሙ ክብደት፤ "ለ" የመጨረሻው ደርብ ኤሌክትሮኖች። በቁልፉ ላይ ትክክል ተብሎ የተከበበው "ሀ" ነው። ለእኔ ብሎ ያወጣት ጥያቄ መሆኗ ገብቶኛል።

እኔ የማስተምራቸው ሁለት ክፍሎች አሉ። "ለ" ያሉትን ሁሉ ትክክል ብዬ አረምኩ። ያችን ልጅ የሚያስተምራት እሱ ስለሆነ የእሷን ወረቀት ያረመው እሱ ነው፤ "ለ" ብላ ነበር፤ በቀይ ሰረዘባት። ሦስት ቀን ሳይሞላ ተማሪዎች ወረቀታቸውን አስተያይተው ወሬው ግቢውን ሞላው። ርዕሰ መምህሩ ሁለታችንንም አስጠሩን።

ርዕሰ መምህሩ ጂኦግራፊ ያስተማሩ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ከሁሉም ጋር የሚስማሙ ሰው ናቸው። ሁለታችንንም እኩል ሰዓት አዳመጡ። ኃላፊው ስለ ትምህርት ክፍሉ ሥነ ሥርዓት ተናገረ፤ እኔ መጽሐፉን ገልጬ አነበብኩ። ርዕሰ መምህሩ መጽሐፉን እንኳ ጠጋ ብለው አላዩም።

"ለምን ሁለቱንም ትክክል አናደርገውም?" አሉ። "ተማሪውም ይጠቀማል፣ ሰላማችንም ይጠበቃል።"

"ጋሼ፣ የሰሜን ሸዋ ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን ነው ያለ ተማሪና አንኮበር ነው ያለ ተማሪ ሁለቱም ነጥብ ያገኛሉ?" አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። "እሱ ሌላ ነው።"

"በምንድን ነው ሌላ የሆነው?"

"እሱማ የታወቀ ነው።"

ሁለቱም ትክክል ተባለ። ኃላፊው እየተዝናና ወጣ። መምህራን ክፍል ሄዶ "ተግባብተናል" ብሎ አወራ። የተሳሳተው እንደ ትክክለኛው ነጥብ አገኘ፤ ትክክለኛዋ ልጅ ከተሳሳቱት ጋር እኩል ሆነች። ርዕሰ መምህሩን ለመናቅ ብዙ አልተቸገርኩም፤ ግን ንቀትም ልክ አለው፤ ለእሳቸው የተረፈኝ ጥቂት ነበር።

ፋሲካ ሲቃረብ የትምህርት ቤቱን ቤተ ሙከራ የሚጎበኙ እንግዶች ከበላይ መሥሪያ ቤት እንደሚመጡ ተነገረን። በሁለት ቀን ውስጥ ያ ሁሉ ዘመን የተከማቸ ወንበር ወጣ፤ ወለሉ ታጠበ፤ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ተሰቀለ። ተማሪ እንዲገባበት ስንለምን የማይቻል የነበረው ለባለሥልጣን ዓይን ሲሆን በሁለት ቀን ተቻለ።

የትምህርት ቤቱን ግምጃ ቤት የሚጠብቁት አንዲት ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ኬሚስትሪ አልተማሩም፤ ዕቃቸውን ግን ያውቁታል። ሶዲየሙና ፖታስየሙ ላምባ ውስጥ ተነክረው በጠርሙስ ይቀመጣሉ፤ አየርና እርጥበት እንዳያገኛቸው ነው። የፖታስየሙ ጠርሙስ ግን ላምባው ጎድሎ፣ ብረቱ ብጫ ቅርፊት አውጥቶ ነበር። እንዲህ ሲሆን ገና ሲቆረጥም ሊፈነዳ ይችላል። ሴትዮዋ ይህን ከቀድሞ መምህር ሰምተው "አደገኛ ነው፣ አይነካ" ብለው በእጃቸው በወረቀት ጽፈው ለጥፈውበታል። ጉብኝቱ ሊጀመር ሲል ኃላፊው ያቺን ወረቀት ላጠና ወለሉ ላይ ጣላት። "እንግዳ ፊት ይህን ትለጥፊያለሽ?" አላቸው። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ወለሉ በታጠበ ማግስት ወረቀት ሲወድቅ ደስ ስላላለኝ አነሳኋትና ኪሴ ከተትኳት።

"ሶዲየሙን ቢጠቀሙ አይሻልም? እሱ ደህና ነው" አልኩት በዝግታ።

"ፖታስየም ይበልጣል። ክብደቱም ይበልጣል፣ ኃይሉም ይበልጣል።" ይህን የተናገረው እኔን እያየ ነው።

"እሺ፣ እንግዲያው ምስር ያህል ይበቃል። ተማሪዎቹም ራቅ ይበሉ።"

"እንግዳ በምስር አይስተናገድም" አለኝ።

እንግዶቹ አራት ነበሩ። ከፊት ተደረደሩ፤ ከጎናቸው የእሱ ክፍል ተማሪዎች ቆሙ፣ ያቺም ልጅ አለችበት። ውሃ የተሞላ ሰፊ የመስታወት ሳህን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ኃላፊው ኮቱን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ስለ ተግባር ተኮር ትምህርት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ከዚያ በቢላዋ ከብረቱ የባቄላ ፍሬ የሚያክል ቆረጠ። ሲቆርጥ አለመፈንዳቱ የእሱ ዕድል ነው፤ ወይም የእኛ። በመቆንጠጫ ይዞ ውሃው ላይ ጣለው።

ብረቱ ውሃው ላይ ተንሳፎ ትንሽ ሮጠ፣ ሐምራዊ ነበልባል አወጣ፤ ወዲያው እንደ ጥይት ጮኸ። ሳህኑ ተሰነጠቀ። ውሃውና የሚነድ ፍንጣሪ ጠረጴዛውን፣ መጋረጃውን፣ የሰውን ልብስ መታ። ልጆቹ ጮኹ። እኔ ከፊት ያሉትን በክንዴ ወደ ግድግዳው ገፋኋቸው። የግምጃ ቤቷ ሴት ሳይታዘዙ አዘጋጅተውት በነበረ የአሸዋ ባልዲ ጠረጴዛው ላይ የሚነደውን ሸፈኑ።

ኃላፊውን ቀና ብዬ ፈለግኩት። አልነበረም። በሩ ጋ ከነበሩት እንግዶች አንዱን በትከሻው ገፍቶ ከሁሉም ቀድሞ ወጥቷል። ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ቆሞ የኮቱን እጅጌ ሲመረምር በመስኮት አየሁት። ውስጥ አርባ ልጆች አሉ፤ ማን ተጎዳ ብሎ አልጠየቀም። ኮቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ ወጥቶ ነበር፤ እሱን ይነካካል።

የተጎዳችው ያች ልጅ ነበረች። የእጅ አንጓዋ ላይ ፍንጣሪ አርፎባት ተቃጥላለች። ቁስሏን በብዙ ውሃ አጥበን በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ባጃጁ ሲዘል እጇን ከፍ አድርጋ ትይዛለች። ታለቅስ ይሆናል ብዬ ፊቷን አየሁ።

"ነበልባሉ ሐምራዊ ነበር" አለችኝ። "አዩት ቲቸር?"

"አየሁት።"

"መጽሐፉ ላይ ተጽፎ አንብቤው ነበር። እውነት አልመሰለኝም ነበር።"

እኔም "ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት። ስለ ቃጠሎው መስሏት "እርስዎ ምን አደረጉ?" አለች። ስለ ቅጹ ነገርኳት። በጣም ጥሩ ብዬ እንደ ፈረምኩ፣ እሷ ጥግ ቆማ ስትጽፍ እኔ ከኋላ ተቀምጬ እንደ ነበር። ሰምታ ስትጨርስ በባጃጁ ሸራ ቀዳዳ ወደ ውጭ አየች። "አውቄ ነበር" አለች። ይቅር ብያለሁ ግን አላለችኝም።

በሳምንቱ ሪፖርት ተጻፈ። እንግዶቹ "በትምህርት ቤቱ የተጀመረው ተግባር ተኮር ትምህርት የሚበረታታ ነው" ብለው ጻፉ። እሱ ደግሞ ስለ አደጋው ለርዕሰ መምህሩ በጻፈው ደብዳቤ የግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል በማቅረቧ ጉዳት ደርሷል አለ። ለሴትዮዋ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ደብዳቤውን እጃቸው ላይ ይዘው ግምጃ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"እኔ እኮ አይነካ ብዬ ጽፌ ነበር" አሉኝ።

"አውቃለሁ። ወረቀቷ እኔ ጋ ናት።"

ደንገጥ ብለው አዩኝ። "ተይው ልጄ። እሱ ትልቅ ሰው ነው፤ አንቺንም ያጠፋሻል።"

"ትልቅነቱ የኮቱ ነው" አልኳቸው።

ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ያየሁትን ብቻ ነው የጻፍኩት፦ ወረቀቷን ማን እንደ ላጠ፣ ምስር ያህል ይበቃል ብዬ እንደ ነገርኩት፣ ምን ብሎ እንደ መለሰልኝ፣ ማን አሸዋ እንደ ደፋ፣ ማን ቀድሞ እንደ ወጣ። ወረቀቷን አያያዝኩበት። የክፍሉ ተማሪዎች ሲሰሙ ሃያ የሚሆኑት መጥተው ስማቸውን ጻፉ፤ ያን ቀን ጥግ ስትቆም የሳቁም ነበሩበት። ለርዕሰ መምህሩ አንድ፣ ለበላይ መሥሪያ ቤቱ አንድ አስገባሁ። የሥራ ግምገማዬ በዚያ ዓመት ከትምህርት ክፍሉ ሁሉ ዝቅተኛው ሆነ። አንብቤ ፈረምኩበትና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሁለት ወር ቆይቶ የሴትዮዋ ማስጠንቀቂያ ተነሳ። የማንሻው ደብዳቤ "በስህተት የተሰጠ በመሆኑ" ይላል፤ የማን ስህተት እንደሆነ አይናገርም። ኃላፊውስ? በዓመቱ ከፍ ብሎ ተሾመ። የሳይንስ መምህራንን የሚቆጣጠር ባለሙያ ሆኖ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ይህን ስሰማ አልገረመኝም፤ እንዲህ ያለውን ሰው ከትምህርት ቤት ለማስወጣት አገራችን የምታውቀው መንገድ ወደ ላይ ማውጣት ብቻ ነው።

መሸኛ ተደረገለት። መምህራን አዋጥተን ጋቢ ገዛንለት፤ ርዕሰ መምህሩ አለበሱት። ስለ ትጋቱ ተናገሩ፤ ስለ ፍቅሩ ተናገሩ። ስለ ኬሚስትሪ አንድም ሰው አንድም ነገር አልተናገረም። እኔም እንድናገር ተጠየቅሁ። ተነሳሁና "መልካም መንገድ ይሁንልዎ" ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚህ በላይ ብናገር ውሸት ይሆን ነበር፤ ከዚህ በታችም ብል እንደ ባለጌ እቆጠራለሁ።

ሲወጣ እጄን ጨበጠኝ። ጋቢው በኮቱ ላይ ተደርቦ ነበር፤ ኮቱን አንድ ቀን ተሸፍኖ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

"አንቺ ጎበዝ ነሽ" አለኝ። "ሰው ግን አታውቂም።"

"እርስዎን አውቄያለሁ" አልኩት።

እንደ ምስጋና ወሰደው መሰለኝ፤ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወደ መኪናው ሄደ።

የትምህርት ክፍሉን ኃላፊነት ለእኔ ሰጡኝ፤ ቁልፉንም። ቤተ ሙከራው አሁን በሳምንት አራት ቀን ክፍት ነው። ዕቃ ይሰበራል፤ የግምጃ ቤቷ ሴት የተሰበረውን በመዝገብ እየጻፉ "ይሰበር፤ ካልተሠራበት አይሰበርም" ይላሉ።

ያች ልጅ የአገር አቀፉን ፈተና አልፋ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገባች። የምትማረው ኬሚስትሪ አይደለም፤ የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ነው። ባለፈው ክረምት አንድ የትምህርት ማስረጃ ልትወስድ መጥታ ቤተ ሙከራው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ግቢ አልኳት። ከዚያ ከጉብኝቱ ቀን በቀር ገብታበት አታውቅም፤ ቁልፉ እኔ እጅ የገባው እሷ ከወጣች በኋላ ነው። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያነበበች፣ አንዳንዱን ብድግ አድርጋ በብርሃን እያየች አንድ ሰዓት ያህል ዞረች። የበግ ጠጉር ከጥጥ ይልቅ ቀለም አጥብቆ የሚይዘው ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የማውቀውን ነገርኳት፤ ከማላውቀው ስንደርስ አላውቅም አልኳት። ደብተሯን አውጥታ ጥያቄውን ጻፈችና "እኔ ፈልጌ እነግርዎታለሁ" አለችኝ። ከዚያ ሚኒባሱ ሳይሞላ ልድረስ ብላ ፈጠን ፈጠን እያለች ወደ መናኸሪያው ወረደች።